«ለምን ይመስልሃል?»
(በዓመታዊው የምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ሙያህ ንገረን፤ ግን አታርዝም» ብሎኛል። የአስተማሪ ነገር፣ ደወል ካልተደወለ አያቆምም፤ ቢሆንም ለማሳጠር እሞክራለሁ።

ከዩኒቨርሲቲያችን ከወጣሁ ወዲህ አብዛኛውን ዕድሜዬን 11ኛና 12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምሬበታለሁ። የማነሣው አንድ ጉዳይ ነው፦ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ተማሪው ቢያንስ አንድ ሙሉ የሥነ ጽሑፍ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አንብቦ መጨረስ አለበት።

እንደምታውቁት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ እንግሊዝኛውንም በምርጫ ይጠይቃል። ስለዚህ ተማሪው የሚለማመደው አጭር ምንባብ አንብቦ ከተሰጡት መልሶች አንዱን ማጥቆር ነው። በዚህ መንገድ ሰዋስው ይታወቃል፤ ጥሩ ውጤትም ይመጣል። «ለምን ይመስልሃል?» ሲባል ግን ዝም ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የራስህን ጽሑፍ አምጣ ሲባል ከሰው የሚገለብጠውም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ዝምታ የተነሣ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ይህን ዝምታ እንዴት እንደሚሰብረው በምሳሌ ላሳያችሁ። የናይጄሪያው ቺኑዋ አቼቤ በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» አለ። ኦኮንኮ የሚባለው ጎበዝ ገበሬ፣ ቤቱ ያደገውንና «አባቴ» የሚለውን ልጅ፣ አምላካችን ይገደል ብሏል ሲባል፣ አንድ ሽማግሌ «አንተ እጅህን አታስገባ» እያሉት በገዛ እጁ ይገድለዋል። «ለምን?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ፣ «ቲቸር፣ በአማርኛ ልናገር?» አለች። ተናገሪ አልኳት። «ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነዋ!»

በቃ፣ የሰውዬው በሽታ እሱው ነው። አባቱ ሰነፍ ተብሎ ኖሮ ስለሞተ፣ ደካማ መባልን ከምንም በላይ ይፈራል። «በይ፣ ይህን የሚያሳየውን ገጽ አውጪና በእንግሊዝኛ ንገሪን» አልኳት። ፈልጋ አገኘችው። እንግሊዝኛዋ ይንተባተባል፤ ሐሳቧ ግን አልተንተባተበም። ከዚያማ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ባህሉ አስገድዶት ነው» ሲል፣ ገሚሱ «ሽማግሌው አትግባ ብለውት የለም እንዴ?» ይላል። ያን ቀን ደወሉን የሰማ የለም። አንድ ሐሳብ ገጹ ካልተጠቀሰለት ወሬ መሆኑን የተረዱት ያኔ ነው።

«የባዕድ ታሪክ ለኛ ልጆች ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ የመለሰልን ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለውን ተውኔቱን የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ»ም እንዲሁ። የተቃጠለ ቤት፣ ጥፋተኛውን ለማውጣት የተሰበሰበ የገጠር ሰው፤ ይህ የማን ታሪክ ነው? የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ልጁን ከአገሩ ማስኮብለል አይደለም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። እያንዳንዳችን ለተማርንበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ለአንድ ክፍል የሚበቃ የአንድ መጽሐፍ ቅጂ እንስጥ። ለሁለት ተማሪ አንድ ይበቃል፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው ይሰማል። ልዩ ልዩ መጽሐፍ በካርቶን ሞልቶ መላክ ደግ ነው፤ ክፍሉ አብሮ የሚከራከረው ግን ሁሉም አንድ መጽሐፍ ሲይዝ ነው።

ስትሄዱ መምህሩንም አትርሱት። ፈተና ላይ የማይመጣ መጽሐፍ ሲያስነብብ «ጊዜ ታባክናለህ» የሚለው አይጠፋም። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብታችሁ፣ «ይህ ሰው ሥራውን እየሠራ ነው» በሉልን። ከናንተ አፍ ሲወጣ ይሰማል።