የኦምዱርማኑ ኸሊፋ፦ ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ ከካርቱም ነጭ ዓባይን ስንሻገር ኦምዱርማን እንገባለን። በእኛ አቆጣጠር በ1877 የሱዳን የሃይማኖት መሪ የነበሩት ማህዲው ሲሞቱ፣ ተተኪያቸው ኸሊፋ አብዱላሂ ከዚህ ሆነው ለ13 ዓመታት ሱዳንን ብቻቸውን ገዙ። እንዴት ቻሉ?

አንደኛ፣ የሥጋ ዘመድ። ጎሳቸውን ታዓይሻን ከሩቁ ዳርፉር አምጥተው ከተማዋ ውስጥ አሰፈሩ፤ የክብር ዘቡንም ለልጃቸው ለዑስማን ሰጡ።

ሁለተኛ፣ ዓይን። ሹማምንቱ መስጊድ መጥተው አብረዋቸው እንዲሰግዱ አዘዙ። የቀረ ሰው ወዲያው ይታወቃል።

ሦስተኛ፣ ካዝናና ጠመንጃ። ግምጃ ቤቱም መሣሪያውም በእጃቸው ነበር። በ1884 የማህዲው ዘመዶች ሲያምጹም አሸነፏቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እኛም ይህን ኃይል እናውቀዋለን፤ አጼ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 መተማ ላይ የወደቁት ከኸሊፋው ጦር፣ ከድርቡሾቹ ጋር ሲዋጉ ነው።

ዳሩ ግን ሁሉን በአንድ ምሰሶ ያቆመ ቤት ምሰሶው ሲነቀነቅ አብሮ ይናጋል። በ1890 ከኦምዱርማን ወጣ ብሎ ባለው የከረሪ ሜዳ የእንግሊዝና የግብጽ ጦር መትረየስ የኸሊፋውን ሠራዊት አጨደው፤ ኸሊፋው ሸሹ፣ ኦምዱርማንም በዚያው ቀን ተያዘች።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)