ጥርስ ሳይታመም ስለሚሰማ የጥርስ ሕመም



በየጥርስ ሕክምና ክፍሉ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዓይነት በሽተኛ አለ። የላይኛውን መንጋጋ ጥርሱን በጣቱ እየጠቆመ «ይኸ ነው፤ ይነቀልልኝ» ይላል። ጥርሱ ሲታይ አልተቦረቦረም፤ ሲነካ አይነቃነቅም፤ በራጅም ከሥሩ ዙሪያ አንዳች ጥላ አይታይም። በሽተኛው ግን እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፤ የመጣው ከሩቅ ነው፤ የመመለሻ ገንዘቡም የተቆጠረ ነው። በር ላይ ወረፋው ይጠብቃል። እንዲህ ባለው ሰዓት ጉጠቱን ማንሣት ከሁሉ ይቀላል። ጥርሱ ይነቀላል፤ ሕመሙም ለጥቂት ቀን ፋታ ሰጥቶ፣ ወይም ፋታም ሳይሰጥ፣ ወደ ጎረቤቱ ጥርስ ይዛወራል። በሽተኛውም ተመልሶ ይመጣል፤ ይኸኛውን ደግሞ ያሳያል።

ይህ ሰው አይዋሽም፤ ሕመሙም የሐሳብ ፈጠራ አይደለም። ትራይጀሚናል የሚባለው አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ከጥርስ፣ ከድድ፣ ከማኘኪያ ጡንቻዎችና ከጉንጭ አጥንት ውስጥ ካለው ሳይነስ የሚነሣውን ስሜት ሁሉ ወደ አንጎል ግንድ ያደርሳል። በዚያም ከልዩ ልዩ ሥፍራ የመጡት መልእክቶች በአንድ የነርቭ ሕዋስ ላይ ስለሚገናኙ፣ አንጎል የላኪውን ማንነት ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ በሽተኛው የሚያመለክተው ሕመሙ የሚሰማበትን ቦታ እንጂ የግድ የተነሣበትን አይደለም።

የማኘኪያ ጡንቻ ዋና አሳሳች ነው። ጉንጭ ላይ ያለውን ጡንቻ፣ ወይም ሰሌን አካባቢ ያለውን፣ 5 ሰከንድ ያህል በጣት ተጭኖ ሲያዝ በሽተኛው «ያው ሕመሜ መጣ» ካለ፣ ምርመራው ከጥርሱ መራቅ አለበት። ሳይነስ የቆሰለበት ሰው ደግሞ ብዙ የላይኛው መንጋጋ ጥርሶቹን በአንድነት ያመዋል፤ ለስግደት ሲጎነበስም ሕመሙ ይብሳል። ዳገት ሲወጣ የታችኛው መንጋጋው የሚታመምና ዐረፍ ሲል የሚተወው ሰው በጥርስ ወንበር ላይ መቆየት የለበትም፤ ልቡ በአስቸኳይ መመርመር ይገባዋል።

ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ከሁሉ ይልቅ ጥርስ ያስነቅላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፎዘርጊል በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1773 በሚገባ ገልጾታል። ሕመሙ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት በድንገት ይመጣል፤ ከቅጽበት እስከ 2 ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። ፊት መታጠብ፣ ጉርሻ ማኘክ፣ ነፋስም ቢሆን ይቀሰቅሰዋል። አንድ ጉንጩን ሳይላጭ የመጣ ሰው ምክንያቱን ሳይናገር ነግሯል። ለዚህ በሽታ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በጥቅሙ የታወቀው ካርባማዜፒን እንጂ ጉጠት መድኃኒቱ አይደለም።

በምርመራ ጊዜ ትልቅ አገልግሎት የሚሰጠው ያው በየዕለቱ በእጅ ያለው ማደንዘዣ ነው። በተጠረጠረው ጥርስ አካባቢ ጥቂት ሊዶኬይን ተወግቶ፣ ጥርሱ በሚገባ ከደነዘዘ በኋላ ሕመሙ እንደ ነበረ ከቀጠለ፣ ምንጩ ሌላ ቦታ መሆኑ በብርቱ ይጠረጠራል። ሕመሙ መጥፋቱ ግን ብቻውን ጥርሱን ጥፋተኛ አያደርግም። በኒውራልጂያ ጊዜ ቀስቃሹ ሥፍራ ድዱ ላይ ከሆነ ማደንዘዣው ያንኑ ስለሚያደነዝዝ ንዝረቱ ለጊዜው ይቆማል፤ ሐኪሙም «አገኘሁት» ብሎ ይነቅላል። በዚህ የተሳሳተ ማስረጃ ስንት ጤነኛ ጥርስ እንደ ሄደ ቤቱ ይቁጠረው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ምክንያቱ የማይገኝለት ሕመም ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ የአፍና የፊት ሕመም ምደባ በየቀኑ ከ2 ሰዓት በላይ የሚሰማውንና ከ3 ወር በላይ የዘለቀውን፣ ሌላ መነሻ ያልተገኘለትን የጥርስ ሕመም ለብቻው መድቦታል። ሐኪም ይህን ስም ለመስጠት መቸኮል የለበትም። የተሰነጠቀ ጥርስ ብዙ ጊዜ በራጅ አይታይም፤ እያንዳንዱን የጥርስ ጫፍ ለየብቻ በማስነከስ መፈተን ያስፈልጋል። ፊቱ ወይም ከንፈሩ በከፊል የደነዘዘ ሰውም የነርቭ ሐኪም ዘንድ ተልኮ የራስ ምርመራ ምስል ይነሣ።

በሽተኛውን ባዶ እጁን መስደድ ለሐኪም ይከብዳል፤ ነቅሎ መስደድ ሥራ የተሠራ ያስመስላልና። ይሁን እንጂ የተመረመረውን ሁሉ፣ ማደንዘዣው የት ተወግቶ ምን እንዳሳየ፣ ጥርሱም ለምን እንዳልተነቀለ በካርዱ ላይ በግልጽ ጽፎ ግልባጩን ለበሽተኛው መስጠት ይቻላል። በሽተኛው ነገ ሌላ ክሊኒክ ገብቶ ያንኑ ጥርስ ማሳየቱ አይቀርም፤ በዚያ የሚቀበለው ሐኪም ደግሞ ጉጠቱን ከማንሣቱ በፊት ያንን ወረቀት ያነባል።