ሰባት ሰዓት ላይ እንመለሳለን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በእግር ጉዞ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ኮሚቴያችን የተጠየቀው የዘንድሮውን የተራራ ጉዞ ዕቅድ እንዲያቀርብ ነው። ከዚያ በፊት ግን የአምናውን ሒሳብ መዝጋት አለብን። ያለፈው ሳይዘጋ አዲስ በጀት ማቅረብ ልማዳችን አይደለም።

አምና ፋሲካን ባከበርን በሳምንቱ፣ በኤፕሪል መጨረሻ ቅዳሜ፣ አሥራ ሁለት ሆነን ከሲያትል በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚገኘው ማውንት ሳይ ሄድን። ሰፈራችን አበባ በአበባ ነበር። ስለዚህ ክረምቱ አልፏል ብለን ቀለል ያለ ልብስ ለበስን። ተራራው ላይ ግን ከአጋማሹ በላይ በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር።

ቀጠሯችን ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። ሌሊት ሥራ ያደሩትን ስንጠብቅ፣ አንዷ ጋ ቡና ስንጠጣ፣ መውጣት የጀመርነው ለአምስት ሰዓት ሠላሳ ጉዳይ ላይ ነው። ስንነሳ ከመካከላችን አንዷ «ሰባት ሰዓት ላይ እንመለሳለን» አለች። ሁላችንም «እሺ» አልን። እዚያች «እሺ» ላይ ነው የተሳሳትነው።

ግማሾቻችን እንደ አገራችን ቆጠራ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ብለን ተረዳን፤ የትም እንድረስ የት ፊታችንን ወደ ታች እናዞራለን ማለት ነው። ሌሎቻችን ስልካችንን አይተን በፈረንጁ ቆጠራ የምሽቱን ሰባት፣ ማለትም አንድ ሰዓት ላይ መኪናው ጋ እንገናኛለን ብለን ያዝን። ከኋላ የነበርነው በሰዓታችን ተመለስን፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታች ደረስን። የመኪናዎቹ ቁልፍ ግን ከፊት ከሄዱት ጋር ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ ብርድ ላይ ቆምን።

ከፊት የነበርነው ደግሞ ጫፉ አካባቢ የደረስነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ስንወርድ ፀሐይ ያለሰለሰችው በረዶ እስከ ጉልበታችን ይውጠን ጀመር። አንዷ እህታችን በወደቀ ግንድ አጠገብ ስትረግጥ እግሯ ገባ፤ ቁርጭምጭሚቷ ወለም አለ። በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፋ፣ በአንድ ስልክ መብራት፣ ታች ስንደርስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ታች ያለነው 911 ለመደወል ስልክ እንዳነሳን ነው የብርሃኗን ጭላንጭል ያየናት። ያን ሌሊት ተቃቅፈን አለቀስን፤ ደግሞም ተቆጣጠን። ከዚያ በኋላ ለወራት የማንነጋገር ነበርን። ይህን የምንናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ተሳስተናል፤ ሁላችንም።

አንዳንድ አባላት «ይቅርብን፣ መናፈሻ ውስጥ መሄድ ይበቃናል» ብላችኋል። አሳባችሁን እናከብራለን። ነገር ግን ሳምንቱን በሽተኛ ስናገላብጥ፣ ቢሮ ስናጸዳ፣ ልጅ ስናመላልስ የምንከርም ሴቶች ነን። ያቺ አንዲት ቀን ስልክ የማይጠራበት፣ ማንም «እማዬ» የማይለን ቀን ናት። እንድትቀር አንፈልግም። በሥርዓት እንድትሆን ነው የምንፈልገው።

ዕቅዱ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የሰዓት በጀት። የማውንት ሳይ መንገድ ደርሶ መልስ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽቅቡ 960 ሜትር ያህል። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት አለ፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይደመራል። በዚህ ስሌት መውጫው ሦስት ሰዓት ገደማ ይመጣል። ይህ ግን በደረቅ መንገድ ለበረታ ሰው ነው። እኛ በረዶውንና የመካከላችንን ዝግተኛ ቆጥረን ግማሽ ጨምረንበታል፤ አራት ሰዓት ተኩል። ለመውረድ ሦስት ሰዓት ይዘናል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት መንገዱ አፍ ላይ ሆነን እንጀምራለን። ቡናው በፔርሙስ ይመጣል። የመመለሻ ሰዓታችን ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ በስልካችሁ ላይ ከሰዓት በኋላ 1:00 ነው። በወረቀት ታትሞ ለእያንዳንዳችን ይታደላል፤ በሁለቱም ቆጠራ ተጽፎ። በዚህ ሒሳብ አሥር ሰዓት ላይ ታች እንሆናለን። በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አካባቢ ስለሆነ አራት ሰዓት መጠባበቂያ አለን። መጠባበቂያው ጫፍ ላይ ፎቶ ለመነሳት አይወጣም። የወለምታና የጠፋ መንገድ ገንዘብ ነው።

አምና ያልገባን ይህ ነበር። ወደ ላይ የሄድንበት እያንዳንዱ ሰዓት የወጣ ወጪ ብቻ አይደለም፤ ስንወርድ የምንከፍለው ዕዳም ነው። ዕዳውን ደግሞ የምንከፍለው እግራችን ሲዝል፣ በረዶው ሲለሰልስ፣ ብርሃኑ ሲቀንስ ነው።

ሁለተኛ ስለ በረዶው። የጸደይ በረዶ በአንድ ቀን ውስጥ ጠባዩን ይለዋውጣል። ጠዋት ሌሊቱን የረጋ ስለሆነ እንደ መስታወት ያንሸራትታል፤ ከሰዓት በኋላ ይለሰልስና እግር ይውጣል። በዛፍ ሥር፣ በድንጋይና በግንድ ዙሪያ ከሥሩ እየቀለጠ ባዶ ይሆናል። ከላይ ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥር ግን ውሃ ይሄድበታል። ስለዚህ ከእነዚህ ራቅ ብለን እንረግጣለን። መንገዱ በበረዶ ሲሸፈን የሰው ዱካ ተከትሎ መሄድም ያሳስታል፤ የቀደመንም ሰው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ካርታውን ቀድመን ስልካችን ላይ እናወርዳለን፤ የወረቀትም እንይዛለን። በሳምንቱ መጨረሻ የአየሩን ትንበያና በዋሽንግተን ትሬልስ አሶሲዬሽን ድረ ገጽ ላይ ተጓዦች የሚጽፉትን እናያለን። ከባድ ዝናብ ወይም አዲስ በረዶ ካለ ጉዞው ይተላለፋል። ሃይስታክ የሚባለውን የመጨረሻውን ቋጥኝ አንወጣም።

ሦስተኛ ስለ ዕቃ። ለጋሾቻችን፣ በሰጣችሁት ገንዘብ ስምንት ጥንድ ማይክሮስፓይክ ገዝተናል። ከጫማ ሥር የሚጠለቅ ባለ ጥርስ ሰንሰለት ነው። የቀረውን አራት ጥንድ እንደ ዕቁብ አዋጥተን አሟልተናል። ደረሰኙ በመዝገብ ቤት አለ፤ ማየት የምትፈልጉ ኑ። እዚሁ ሲያትል እ.ኤ.አ. በ1906 የተመሠረተው ዘ ማውንቴነርስ የተባለው ማኅበር ያስለመደውን የአሥር ነገሮች ዝርዝርም እንከተላለን፤ ካርታ፣ የግንባር ባትሪ፣ ከፀሐይ መከላከያ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ ቢላ፣ እሳት መለኮሻ፣ መጠለያ፣ ትርፍ ምግብ፣ ትርፍ ውሃ፣ ትርፍ ልብስ። የፀሐይ መነጽር አትርሱ፤ በረዶ ብርሃኑን መልሶ ዓይን ላይ ይረጫል። የጥጥ ልብስ እቤት ይቅር፤ ከረጠበ አይደርቅም፣ ሙቀት ይነጥቃል። ለስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቴምር ከምንም ይሻላል። ጉዞውን ከጾሙ በኋላ ያደረግነውም ማንም በባዶ ሆዷ እንዳትወጣ ነው።

አራተኛ ስለ ሥርዓት። ከፊት የምትሄደው ዝግተኛዋ ናት። ማንም ብቻዋን ወደ ፊት አትቀድምም፤ ብቻዋንም ወደ ኋላ አትመለስም። የመኪና ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ይሆናል። እቤት የቀረች አንዲት አባል ስማችንንና የመመለሻ ሰዓታችንን ትይዛለች። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ካልደወልንላት 911 ትደውላለች። «ልጠብቅ፣ ምናልባት ይመጡ ይሆናል» ማለት የለም።

በመጨረሻም፣ ሰባት ሰዓት ሲሆን ጫፉ ሃምሳ እርምጃ ቢቀረውም እንመለሳለን። ከባዱ ነገር ይህ መሆኑን እናውቃለን። ሲመለሱ ደግሞ «ሳይደርሱ ቀሩ» የሚል ሰው አይጠፋም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኛ አምና አፍስሰን ለቅመናል፤ በጨለማ ነው የለቀምነው።

ያቺ ቁርጭምጭሚቷ የታመመው እህታችን ዘንድሮ ስሟን ያስመዘገበችው ቀድማ ነው። ከፊት የምትመራንም እሷ ናት። መመዝገቢያው በር ላይ አለ፤ ስማችሁን ስትጽፉ ከጎኑ ያለችውን «ሰባት ሰዓት ሲሆን እመለሳለሁ» የምትል መስመር አንብባችሁ ፈርሙ።