ጓያ፣ እርጅናና የነርቭ ኤንዛይሞች



በይፋግና በወረታ አካባቢ፣ የክረምቱ ውኃ ከፎገራ ሜዳ ሲሸሽ ገበሬው በቀረው እርጥበት ላይ ጓያ ይዘራል። ሌላው አዝመራ ሲከዳ ጓያ አይከዳም። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል፤ በችግር ዘመን ለወራት ዋና ምግብ የሆነ እንደሆነ ጐበዙን ጐልማሳ ምርኩዝ ያስይዘዋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር በሽታው ምን ያህል እንደ ተስፋፋ የሚያስረዳ ጥናት በ1990 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

በሌላው ዓለም ግን የነርቭ መበላሸት ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው የእርጅና መርሳት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. በአንዲት ሟች ታማሚ አንጐል ውስጥ ያየውን ጥርቅም ገለጸ። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ቤታ ሴክሬቴስና ጋማ ሴክሬቴስ የተባሉ ኤንዛይሞች በነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ ያለውን አንድ ትልቅ ፕሮቲን ቈርጠው ቤታ አሚሎይድ የተባለውን ቍራጭ ያወጣሉ፤ ኔፕሪላይሲንን የመሰሉ ሌሎች ኤንዛይሞች ደግሞ ቍራጩን በጣጥሰው ያስወግዳሉ። ቈራጩ ሲበረታ ወይም አስወጋጁ በዕድሜ ሲደክም ቍራጩ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

እንግዲያው ቈራጩን መግታት መድኀኒት መስሎ ነበር። ሆኖም ጋማ ሴክሬቴስን የሚገታው ሴማጋሴስታት የታማሚዎቹን ሁኔታ ስላባባሰ ሙከራው በ2010 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ። ኤንዛይሙ ሌሎች አስፈላጊ ፕሮቲኖችንም የሚቈርጥ ነውና፣ አንዱን ሥራውን ብቻ ለይቶ ማስቆም ቀላል አልሆነም።

የጓያው ነገር ከዚህ ይለያል። በፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ ግሉታሜት የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ መስሎ ገብቶ፣ እግርን የሚያዝዙትን ነርቮች ያለ ልክ ያነሣሣቸዋል፤ በቤተ ሙከራም በሕዋሱ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨውን የሚቶኮንድሪያ ኤንዛይም ሲያውክ ታይቷል። ምክንያቱ የአሚሎይድ ጥርቅም አይደለም። ታማሚው የመጣበትን መንገድ አይረሳም፤ የሚተሳሰረው እግሩ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ለሐኪሙም ለላቦራቶሪ ባለሙያውም ተግባራዊ ጥቅም አለው፤ ወጣት ገበሬ እግሩ ተሳስሮ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ባለፉት ወራት ምን ሲበላ እንደ ቈየ ነው።

የተጐዳው ነርቭ አይመለስም፤ መከላከል ግን ይቻላል። በአገራችን የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው አደጋው የሚበረታው ጓያው በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ ሲበላ ነው፤ ከሌላ እህል ጋር ሲደባለቅ ይቀንሳል። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋትም ብዙውን መርዝ ያወጣል፤ በድርቅ ወራት ግን ሌላው እህል፣ ውኃውና ማገዶው ከየት እንደሚገኝ ባለቤቲቱን መጠየቅ ነው።