ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ
(ቤትንና ጓሮን ከጎጂ እንስሳትና ከተባይ ስለ መጠበቅ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ አንዳንድ ጓደኞቼ ሲስቁብኝ ሰንብተዋል። «ሌላው ስለ አገር ዕድገትና ስለ ፍልስፍና ሲናገር አንተ ስለ አይጥና ስለ ትኋን ልትነግረን ነውን?» ብለውኛል። በሳቃቸው አልተቀየምሁም። ነገር ግን ከሁሉ አብልጦ የሳቀብኝ ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት አይጥ በኮርኒሱ ላይ ሲሯሯጥበት እንቅልፍ አጥቶ ማደሩን አውቃለሁ፤ የምንኖረው በአንድ ክፍል ነውና።

ነገሩ ከሳቅ ያለፈ መሆኑን ለማሳየት አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ተገምቷል። በሽታውን ከሰው ወደ ሰው ያዞረችው ግን በአንድ ጣት የምትደመሰስ ቢምቢ ናት። እንግዲህ ትንሽ ፍጥረት ትንሽ ጉዳይ አይደለችም።

እኔ ራሴ በዚህ ጉዳይ እንዳስብ ያደረገኝ መጽሐፍ አይደለም። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ እናቴ ለክረምት ያስቀመጠችው ስንዴ ነቀዝ ገባበት። ገንዘብ ሰጥታ ወደ ገበያ ላከችኝና በጋዜጣ ቍራጭ የተጠቀለሉ ጥቂት ክኒኖች ገዝቼ ተመለስሁ። ሻጩ «በየጆንያው አንዳንድ ጣሉበት» ከማለት በቀር ምንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጆንያዎቹ የቆሙት እኔና ታናሽ ወንድሜ በምንተኛበት ክፍል ነበር። ዝናብ ስለ ነበረ በሩንም መስኮቱንም ዘግተን ተኛን። እኩለ ሌሊት ላይ ወንድሜ ራሱን አመመው፤ አስመለሰው፤ ቀጥሎም ትንፋሽ አጠረው። እናቴ ደርሳ በሩን ብትከፍተው ክፍሉ የነጭ ሽንኩርት በመሰለ ክፉ ሽታ ተሞልቷል። ጎረቤቶቻችን ወንድሜን ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱት። ሐኪሙም «ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለውም፤ ሰውነቱ እስኪያሸንፈው ድረስ መርዳት ብቻ ነው» አለን። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ወንድሜ ዳነ።

ያ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ መርዛም ጋዝ ያወጣል። የተሠራውም ሰው ለማያድርበትና በሚገባ ለሚታሸግ መጋዘን ነው። በዚያ ዓመት እኔ በኬሚስትሪ ከክፍሌ ሁለተኛ ወጥቼ ነበር። ስለ አቶምና ስለ ቀመር ሳጠና አምሽቼ፥ በእጄ ይዤ የመጣሁት ነገር ምን እንደ ሆነ ግን አልጠየቅሁም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ «የተማረ ልጅ» ሲባል በሰማሁ ቍጥር ያቺ የጋዜጣ ቍራጭ ትታየኛለች።

የእኛ ልማድ በጠቅላላው ይህን ይመስላል። ቤታችንን ለተባይ አመቻችተን እንቆያለን፤ ተባዩ ከበዛ በኋላ መርዝ ፍለጋ እንሮጣለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ማንኛውም ፍጥረት ወደ ቤታችን የሚመጣው ምግብ፥ ውኃና መጠለያ ፈልጎ ነውና፥ እነዚህን የከለከለ ሰው መርዝ የሚያስፈልገው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ ዝንብን እንመልከት። ዝንብ እንቍላልዋን የምትጥለው በፍግና በበሰበሰ ጥራጊ ላይ ነው። በሙቀት ጊዜ እንቍላሉ ተፈልፍሎ፥ እጭ ሆኖ፥ የሚበር ዝንብ እስኪሆን ድረስ ሰባት ወይም ዐሥር ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ ጥራጊውን በየሳምንቱ የሚቀብር ወይም ከቤት የሚያርቅ ሰው ዝንቡን ገና ክንፍ ሳያወጣ አጠፋው ማለት ነው። ከልጆች ዓይን ላይ የማትጠፋውና ትራኮማን የምታዛምተው የዝንብ ዓይነት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የምትራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ በጉድጓድ መጸዳጃ ውስጥ ግን አትራባም። እንግዲህ መጸዳጃ ቤት መቆፈር ራሱ የዓይን መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። ለመጸዳጃው ረጅም የአየር ቱቦ አቁሞ ጫፉን በወንፊት ሽቦ መሸፈን የበለጠ ይረዳል። መጸዳጃው ውስጡ ጨለማ ከሆነ ዝንቡ በቱቦው የሚታየውን ብርሃን ተከትሎ ይወጣና ከሽቦው ሥር ተይዞ ይቀራል።

ሁለተኛዋ ቢምቢ ናት። ስለ ወባ ስንማር ረግረግና ኩሬ ብቻ እንድንፈራ ተምረናል። አሁን ግን አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የተባለች የእስያ ቢምቢ ወደ አገራችን ገብታለች። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። ይህች ቢምቢ በከተማ ውስጥ በበርሜል፥ በሮቶና ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። በ2022 በድሬዳዋ ወባ ሲበረታ ከበሽታው ጋር ግንኙነት እንዳላት ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ጥናቱ ከተካሄደባቸው ሥፍራዎች አንዱም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መኝታ ቤት ነበር። ወንድሞቼ ሆይ፥ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ውኃ በጠፋ ቍጥር በየክፍላችን በርሜልና ባልዲ ሞልተን የምናስቀምጥ እኛው ነን። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የውኃውን ዕቃ መክደን፥ ይህ ካልተቻለም በየሳምንቱ ማፍሰስና ውስጡን በብሩሽ መፈግፈግ። ከእንቍላል ወደ ቢምቢ ለመድረስ ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ፥ ሳምንታዊ ጽዳት ትውልዱን ይቆርጠዋል።

ሦስተኛው አይጥ ነው። የአይጥ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ሳይበላም ያኝካል። ቀዳዳውን በጨርቅና በእንጨት መድፈን ለእርሱ ሥራ መስጠት ነው፤ የሚረባው ቆርቆሮ፥ ሲሚንቶ ወይም የሽቦ ወንፊት ነው። ትንሿ የቤት አይጥ እርሳስ በሚያሳልፍ ቀዳዳ ትገባለችና ቀዳዳውን አንናቀው። ጎተራን ከግድግዳ አርቆ፥ አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው እግሮች ላይ ማቆምና በየእግሩ ላይ እንደ ተደፋ ጉልላት የሆነ ቆርቆሮ ማሰር አይጡን ከመንገድ ይመልሰዋል። መርዝ ብንበትን ግን መርዙን የበላ አይጥ ለድመታችን እራት ይሆንና ድመቷም ልትሞት ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ አይጡን ማን ይከለክለዋል?

ነቀዝንም ቢሆን ያለ ክኒን ማሸነፍ ይቻላል። አያቶቻችን ባቄላና በቆሎ ሲያስቀምጡ ጤፍ ይቀላቅሉበት ነበር። የጤፍ ቅንጣት በትልልቁ እህል መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ነቀዝ መተላለፊያ ያጣል። ዛሬ ደግሞ ውስጡ ሁለት ድርብ ፕላስቲክ፥ ውጭው ማዳበሪያ የሆነ ከረጢት በገበያ ላይ ይገኛል። በሚገባ የደረቀ እህል ሞልተው አጥብቀው ሲያስሩት፥ በውስጡ ያለው ነቀዝ ኦክስጅኑን ራሱ ተንፍሶ ይጨርስና ታፍኖ ይሞታል። እናቴ ከዚያ ክረምት በኋላ የያዘችው ይህንን ነው። ወንድሜም በዚያው ክፍል ያለ ሥጋት ይተኛል።

ስለ ጓሮ ጥቂት ልጨምር። ጃርት በሌሊት እየመጣ ድንቹን ይቆፍራል፤ አጥሩ ከመሬት በታች ጠልቆ ካልገባ በሥሩ ቆፍሮ ያልፋል። ዝንጀሮና ጦጣ ባሉበት አገር በቆሎውን ከጫካው ጠርዝ አርቆ ወደ ቤት ማስጠጋት ይበጃል፤ በብዙ ቦታ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚቀሩት ሰብል ሲጠብቁ ነውና፥ ይህ የማሳ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጎመን ላይ ያለውን ትል በእጅ መልቀም፥ ክሽክሹን በሳሙና ውኃ ማጠብ፥ በየዓመቱም የመደቡን ተክል መለዋወጥ ይጠቅማል። በጓሮ ያለ ፍጥረት ሁሉ ጠላት እንዳልሆነም እንወቅ። ሸረሪት፥ እስስት፥ ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጢንዚዛ ተባይ እየበሉ ያለ ደመወዝ ያገለግሉናል። በጅምላ መርዝ የሚረጭ ሰው እነዚህን ይጨርስና አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሆንበታል።

«ታዲያ ሳይንስ የሰጠንን መድኃኒት ልንጥል ነውን?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። አይደለም። የስዊሱ ኬሚስት ፓውል ሙለር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ዲ.ዲ.ቲ. ነፍሳትን እንደሚገድል አወቀ፤ በ1948ም ስለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በአገራችንም በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ በየቤቱ ግድግዳ ላይ እየተረጨ የብዙ ሰው ሕይወት አድኗል። ነገር ግን በመርዙ ላይ ብቻ መተማመን ጉዳት አመጣ። ከሺህ ቢምቢዎች መካከል በተፈጥሮዋ መርዙን የምትቋቋም አንዲት ብትኖር፥ ሌሎቹ ሲሞቱ እርስዋ ትቀራለች፤ ልጆችዋም እንደ እርስዋ ይሆናሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መርዙ ያው መርዝ፥ ቢምቢዋ ግን ሌላ ሆነች። የአገራችንም የወባ ቢምቢ ዲ.ዲ.ቲ.ን እንዲሁ ተቋቋመችው። ስለዚህ መርዝ የመጨረሻው መሣሪያ ይሁን፤ እርሱንም ያወቀ ሰው፥ በታዘዘው መጠን፥ በታዘዘው ቦታ ያድርገው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ከመኝታ ክፍሎቻችን በስተጀርባ ያለውን የጥራጊ ክምር ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁላችንም አስተዳደሩን እንወቅሳለን፤ ወቀሳውም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የተረፈውን እንጀራ በመስኮት የሚወረውረው አስተዳደሩ አይደለም። ትኋኑም በራሱ እግር ከከተማ አልመጣም፤ በሻንጣችንና በአንሶላችን አዝለን ያመጣነው እኛ ነን። ትኋን ሳይበላ ወራት መቆየት ይችላል፤ የፈላ ውኃን ግን አይችልም። ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፥ በየቅዳሜው ጧት እያንዳንዱ ክፍል የውኃ ዕቃውን አፍስሶ ይጠብ፤ አልጋውን ወደ ውጭ አውጥቶ በየስንጥቁ የፈላ ውኃ ያፍስስበት። ሁለተኛ፥ ማኅበሩ ክዳን ያላቸው የጥራጊ በርሜሎች እንዲሰጡን አስተዳደሩን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ እኛም ተራ ገብተን እናውጣ። ሦስተኛ፥ ለዕረፍት ወደ የወላጆቻችን ቤት ስንሄድ እያንዳንዳችን እህሉ በምን እንደ ተጠበቀ እንጠይቅ፤ በማድጋ ሥር፥ በአልጋ ሥር የተቀመጠውን መርዝ አውጥተን ጽሑፉን እናንብብ፤ ጽሑፍ የሌለውንም ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ እናርቅ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። እናቶቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ ያስተማሩን እኛ እንድናነብላቸው ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሳላነብ፥ ሳልጠይቅም ቀርቼ ወንድሜን ላጣው ነበር። እናንተ በእኔ ተማሩ።