ከደጃችን የወጣው ውሃ የት ደረሰ?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! ስለ ጦሃራ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰን ወደ ሰውነታችን የምናፈሰው ውሃ ነው። ንጹሕ ነው ወይ? ውዱኣችንስ ተሟልቷል ወይ? እያልን እንጠይቃለን። ዛሬ ግን እስቲ ከመታጠቢያችንና ከሽንት ቤታችን የወጣውን ውሃ እንከተለው።

አዲስ አበባን እንውሰድ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። የቤት ፍሳሽ እነዚህን ወንዞች ሳይቀላቀል እንዲጣራ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ቃሊቲ ላይ ጣቢያ ተሠራ። አቅሙ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ያህል ነበር። በ2010ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የታቀደ አዲስ ጣቢያ እዚያው ተገነባ።

ወደ ጣቢያው የገባው ፍሳሽ ጨርቁና ፕላስቲኩ በወንፊት ይያዛል፤ አሸዋው ይዘቅጣል። ቀጥሎ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት ቆሻሻውን ይመገቡታል። ዝቃጩ ተለይቶ ይደርቃል፤ የተጣራው ውሃ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ሱብሓነላህ! አላህ በማይታይ ፍጡር ስንቱን ነገር ያጸዳልናል!

ይሁን እንጂ ጣቢያው የሚያጣራው እርሱ ዘንድ የደረሰውን ብቻ ነው። ብዙ ቤት ገና ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም። ክረምት ሲገባ ጎርፉን ጠብቆ፣ የሞላ ሽንት ቤቱን ወደ ቦይ የሚለቅ አባወራ በየሰፈሩ አለ። “ዝናቡ ይወስደዋል” ይላል። አዎን፣ ይወስደዋል፤ ግን ወዴት? በወንዙ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለማው ወንድማችን መስኖ ውስጥ ይገባል። ከብቶቹ ይጠጡታል። በአባ ሳሙኤል ላይ የተንሰራፋውን እንቦጭ ያፋፋል። ሰላጣው ደግሞ ገበያ ወጥቶ፣ አሜባውንና የሆድ ትሉን ይዞ፣ በረመዳን ማፍጠሪያችን ላይ ይቀርባል። ከደጃችን ያባረርነው ተመልሶ በራችንን አንኳኳ ማለት ነው!

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች ውሃ በሚቀዱበት፣ በሚተላለፉበትና በሚጠለሉበት ስፍራ መጸዳዳት እርግማን እንደሚያመጣ አስጠንቅቀዋል። በረጋ ውሃ ውስጥ መሽናትንም ከልክለዋል። ለአንድ ሰው ጥፋት ይህ ከተባለ፣ የቤተሰብ ሁሉ ጉድጓድ ወደ ወንዝ ሲለቀቅስ ምን ሊባል ነው? ከወንዙ በታች ያለው ሰው ባናውቀውም ጎረቤታችን ነው። ሐቁም በላያችን ላይ አለ።

ዑለማዎችም ጉዳዩን ተመልክተውታል። በሳዑዲ ዐረቢያ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት በ1398 ዓመተ ሒጅራ (1978 እ.ኤ.አ.) በሰጠው ውሳኔ፣ ፍሳሽ ተጣርቶ ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው ሙሉ በሙሉ ከነጃሳ ከጸዳ ጠሃራ ሊደረግበት እንደሚችል ገልጿል። ለመጠጥ ግን ከጤና አኳያ ቢቀር ይሻላል ብሏል። ከጣቢያ የወጣ ውሃ ሁሉ እዚህ ደረጃ ደርሷል ማለት ግን አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጉድጓዳችን ሳይሞላ መጣጭ መኪና እንጥራ፤ ክፍያው ቢከብድ ከጎረቤት ጋር ተረዳድተን እናስመጥጥ። የሽንት ቤት ቱቦን ከጎርፍ መውረጃ ጋር አናገናኝ። ጨርቅ፣ የሕፃን ዳይፐርና ያገለገለ ዘይት ወደ ቱቦ አንጣል፤ መስመሩን ይደፍኑታልና። ቀለምና ኬሚካልም አንድፋ፤ ሕዋሳቱን ይገድላሉ። በውዱእ ጊዜ ቧንቧውን አናንዥቅዥቅ፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም አንድ ሊትር እንኳ በማይሞላ ውሃ ነበር።

ሌሊት፣ በዝናብ፣ ማንም ሳያይ የተከፈተውን ቱቦ አላህ ያየዋል። ውስጣችንንም ደጃችንንም የምናጸዳ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።