ለተሳትፎ ከ10 ሁለት
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ፍሬሽማን ኢንግሊሽ ንገረን» ሲሉኝ፣ አሁን ፊታችሁ ላይ የማየው ፈገግታ ቀድሞ ታይቶኝ ነበር። ብዙዎቻችሁ ከእኔው ነው የወሰዳችሁት፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። የኮርሱ ስም ተቀያይሯል፤ ዛሬ «ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ» ይሉታል። ሥራው ግን ያው ነው፦ ሌክቸር እየሰሙ ኖት መያዝ፣ ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ፍሬ ነገሩን ማውጣት፣ የሰው ሐሳብ ሳይገለብጡ በራስ ቃል መጻፍ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃው ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ አደረገ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክፍሌ ውስጥ በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ፣ በሶማልኛ የተማሩ ልጆች ተቀመጡ። እኔ ግን የማስተምረው ራሴ እንደተማርኩት ነበር። ነገሩ ሲከብዳቸው ወደ አማርኛ እገባለሁ። «‹ኤ ቡክ› ማለት መጽሐፍ፣ ‹ዘ ቡክ› ማለት መጽሐፉ!» እላለሁ። ቀልድም ጣል አደርጋለሁ። ክፍሉ ይስቃል። ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

በ1998 ዓ.ም. ከጅግጅጋ የመጣ አንድ ተማሪ ቢሮዬ መጣ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ በዝምታ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ለክፍል ተሳትፎ ከ10 ሁለት ሰጥቼው ነበርና ሊከራከር የመጣ መሰለኝ። አልተከራከረም። ቀስ ብሎ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ቲቸር፣ ትምህርቱ የሚገባኝ እስከሚያብራሩልን ድረስ ነው» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ ነው የደነገጥኩት። ልጁ አማርኛን መልመድ የጀመረው ግቢ ከገባ ወዲህ ነው። እኔ «ላቅልላችሁ» ባልኩ ቁጥር ለእሱ ሌላ የውጭ ቋንቋ እጨምርበት ነበር። የሚስቁት በምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም!

እስቲ በሶማልኛ እንዴት ትላላችሁ አልኩት። መጽሐፍ «ቡግ» ነው፣ መጽሐፉ ሲሆን «ቡግጋ» ይሆናል አለኝ። እንደ አማርኛው ሁሉ ምልክቱ ከቃሉ መጨረሻ ይለጠፋል ማለት ነው። እንግሊዝኛው ግን ከፊት ያስቀድመዋል። ስንት ክፍለ ጊዜ የፈጀሁበት ነገር በሁለት ደቂቃ ገባው፤ ለእኔም ገባኝ። ለካ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ነጥቡን አስተካከልኩለት። ከእሱ በፊት «ዝምተኛ» ብዬ ነጥብ የቀነስኩባቸው ግን ተመርቀው ሄደዋል። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ትኖሩ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ አማርኛን ከክፍል አላባረርኩም፤ ወጣት መምህራንም እንዲያባርሩት አልመክርም። የቡድን ሥራ ሲኖር ግን ተማሪዎቹ በፈለጉት ቋንቋ ይከራከራሉ፤ የሚጽፉትና የሚያቀርቡት በእንግሊዝኛ ነው። ክፍሉ ይንጫጫል። ጎረቤት የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ አንዳንዴ በሩን ያንኳኩብኛል፤ እሱንም ልመዱት።

አንድ ልመና አለኝ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ረቂቅ ጽሑፋቸውን እናነብላቸዋለን። የምናነበው ሁለት ሰዎች ነን፤ ሁለታችንም የምናብራራው በአማርኛ ነው። አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛ፣ አፋርኛ፣ ትግርኛ የምትችሉ አንድ ረቡዕ ብቅ በሉልን። ሻይ አለ።